እመ መንትያ ዐመፀኛውን ፊኛ ያስገበሩበት ዜና

በዘመነ መንትያ፣ ዳይፐር ከቤቱ ተሰድዶ ፖፖ በነገሠ በማግስቱ ዓመት፣ ሳል በቀኝ ራስ፣ ንጥሻ በግራ ደጃዝማች፣ ሳቅም የመሃል ጦር አዝማች ሆነው በአንዲት ሴት ላይ በተነሡበት ወራት፣ የሆነውን ሁሉ እንናገራለን፤ ያልሆነውን ለማሳመር አንጨምርም፣ የሆነውንም ስለ ሐፍረት አንቀንስም።

ይህች ሴት ማን ናት ቢሉ፣ ክብርት እመ መንትያ ናቸው፤ ረጋጪተ አስፋልት፣ ዐቃቢተ ፍሬን፣ ቀዳሚተ ንጋት። ዐቃቢተ ፍሬን መባላቸው በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አስተማሪ ስለሆኑ ነው፤ ቀኝና ግራውን ከማይለይ ሰው ጎን ተቀምጠው፣ ቀኝ እግራቸውን በሁለተኛው ፍሬን ላይ አንዣብበው፣ ነፍስ ሲያድኑ ይውላሉ። ማታ ደግሞ መንትዮቹ፣ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ፣ አንደኛው ሲተኛ ሌላኛዋ እየነቃች በፈረቃ ይገዟቸዋል። ስለዚህ ከሰው ሁሉ ተርፋ የራሳቸው ርስት የሆነችው ማለዳ የሚሮጡባት ሰዓት ብቻ ነበረች። በዚያች ሰዓት ማንም እማዬ አይላቸውም፣ ማንም መምህርት አይላቸውም፤ እግራቸው ብቻ ይናገራል።

አብረዋቸው የሚዘምቱት የንጋት ሯጮች የሚባሉት ናቸው። በቀኝ ክንፍ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ አራት ልጅ አሳድገው የዳሩ፣ ክንዳቸው እንደ ምሰሶ የሆነ፤ በግራ ክንፍ ሁለቱ የባንክ ሴቶች፣ አለቃቸውን ሳያሙ አንድ እርምጃ የማይራመዱ፤ በደጀን ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ሆነው መጨረሻ መሆናቸውን የማያምኑ፤ በፊታውራሪነት ደግሞ ሻምበል ነበሩ። ሻምበል ወታደር ሆነው አያውቁም፤ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ማዕረጉን ያገኙት ከአንገታቸው በማይለየው ፊሽካ ነው። ሕጋቸውም አንዲት ነበረች፣ በየማለዳው ትታወጃለች፦ «ሯጭ አይቆምም! የቆመ ሯጭ እግረኛ ነው!»

ክብርት እመ መንትያም ወልደው፣ ታርሰው፣ ጡት አስጥለው፣ ወደ ቀድሞ ርስታቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በታች ባለው ቁልቁለት እንደ ሚዳቋ ሲወርዱ፣ የጣውላ ብናኝ በአፍንጫቸው ገባና አነጠሱ። አንዲት ንጥሻ ናት፤ ነገር ግን ፊኛ የተባለው የታችኛው አገር ገዥ፣ ቀድሞ ታማኝ የነበረው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ በአራት ትንንሽ እግሮች ሲረገጥ ቂም ይዞ ኖሮ፣ ያለ ትእዛዝ በሩን ከፍቶ ሸፈተ። ክብርት እመ መንትያ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማቸው። ቆመው የጫማቸውን ክር አሰሩ፤ ክሩ ግን አልተፈታም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልታቸው በዛ። ግራጫውንና ሰማያዊውን ሱሪ ከቁም ሣጥን ሽረው ጥቁሩን ሾሙት፤ የሰፈሩም ሰው ይህን አይቶ «ጥቁር ሱሪ» የሚል ስም አወጣላቸው፣ እርሳቸውም ስሙን የመረጡት እየመሰሉ ተቀበሉት። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ሹራብ በወገባቸው አሰሩ። ከሩጫ በፊት ውኃ መጠጣት ተዉ፤ ተዉና ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፣ ፊኛውም ጭራሽ ብሶበት በትንሹም በትልቁም ይቆጣ ጀመር። በመንገዱ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ እንደ ምሽግ አጠኑ፤ የቱ ቁልፍ እንዳለው፣ የቱ ውኃ እንደሌለው፣ የቱ ደግሞ በሩ ሲዘጋ እንደሚከፈት ጠንቅቀው ዐወቁ።

ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው ግን ሳቅ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ተረት ለእርሳቸው የተተረተ እስኪመስል ድረስ፣ የባንክ ሴቶች ስለ አለቃቸው ወሬ በጀመሩ ቁጥር እመ መንትያ ፍጥነት ጨምረው ይሸሹ ነበር። መሸሽ ያልቻሉ እንደሆነ ከአንገት በላይ ይስቃሉ። ሰዎች ከአንገት በላይ የሚስቁት ስለ ይሉኝታ ነው፤ እርሳቸው ግን ከአንገት በታች የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነበር። የባንክ ሴቶችም እርስ በርሳቸው ተያዩና «ጥቁር ሱሪ ኮራች» ተባባሉ። ይህም ቃል ከእመ መንትያ ጆሮ ደረሰ፤ ከንጥሻው ይልቅ እርሱ አመማቸው።

ነገሩም በዚህ እያለ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ሻምበል ከኳስ ሜዳው ዳር ሠራዊቱን አሰልፈው አዲስ ዐዋጅ አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ዝላይ አለ! እግር ከፈት፣ እጅ ወደ ላይ፣ አንድ፣ ሁለት!» ሠራዊቱም ዘለለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ወዲያው «እኔ ወገቤን» ብለው ቁጭ አሉ። እመ መንትያ አንዴ ዘለሉ፤ ሁለተኛውን አልደገሙም። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው «ጉልበቴን!» ብለው ጮኹ፤ እያነከሱም ከጦር ሜዳው ወጡ። በየትኛው እግር ማነከስ እንደ ጀመሩ ረስተው ስለ ነበር በቀኝ ጀምረው በግራ ጨረሱ።

ባለቤታቸው ኤሌክትሪሻን ነው፤ ቁጥብ፣ በእጁ እንጂ በአፉ የማይናገር። ጉልበት ታመመ ሲባል ሰምቶ ያለ አንዳች ጥያቄ ማሰሪያ ገዝቶ፣ ቅባት ገዝቶ፣ ማታ ማታ እግራቸውን በጭኑ ላይ አድርጎ ያሽ ጀመር። ያ ምስኪን ጉልበት ምንም ሳያጠፋ ሳምንታት ሙሉ ታሸ፣ ታሰረ፣ ተጠቀለለ። እመ መንትያም የባላቸውን ጎንበስ ያለ ራስ እያዩ ሊነግሩት ይነሡና አፋቸው ላይ ሲደርስ ይመልሱት ነበር። ሩጫ ትተዋል፤ ንጋት ሲሆን ነቅተው ጣሪያ ያያሉ። በሥራም ላይ ጠባያቸው ከፋ፤ ማርሽ የሳተውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን ማርሽን የፈለሰፈውን ሰው ጭምር ይራገሙ ጀመር። ተማሪ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ፊኛው አድፍጦ ይሸፍት ነበርና፣ ጉዳዩ ከሩጫ ሜዳ ወጥቶ እስከ መሥሪያ ቤት መስፋቱ ገባቸው።

ያን ጊዜ አንድ ክፉ ምክር መከሩ። ከፋርማሲ ለአዋቂ የሚሆነውን ለመጠየቅ አፍረው፣ ከሰፈሩ ሱቅ የሕፃን ዳይፐር፣ ትልቁን ቁጥር፣ ይገዙ ጀመር፤ ቀደው እንደ ፓድ ይጠቀሙበታል። በአንድ ከሰዓት በኋላም መንትዮቹን በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ሱቁ ገቡ። ባለሱቋ ዳይፐሩን ከመደርደሪያ እያወረደች፣ በቅንነት፣ ግን ሱቅ ሙሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እንዴ፣ እነዚህ ልጆች ገና አልተዉም?»

ክብርት እመ መንትያም በዚያች ሰዓት የሠሩትን፣ ዜና ጸሐፊው ሊያልፈው ቢወድ እንኳ አይችልም። አልጋ ወራሾቻቸውን አሳልፈው ሰጡ። «ምን ላድርግ» አሉ፤ «ሌሊት ሌሊት ያመልጣቸዋል።»

ወንዱ ልጅ ቃሉ ገብቶት ከንፈሩን ጣለ፤ ሊያለቅስ ነው። ሴቲቱ ልጅ ግን የሩዝ ጆንያ ላይ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ነጋሪት እንደሚያስጎስም ዐዋጅ ነጋሪ አወጀች፦

«ውሸት ነው! እኛ ትተናል! ፖፖ ላይ ነው የምንሸናው! ዳይፐሩን የምታደርገው እማዬ ናት!»

 ባለሱቋ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አንሥታ ጽሑፉን እንደ አዲስ ታነብ ጀመር። አንድ ሰውዬ ሊገዛ የመጣውን ረሳ። እመ መንትያም መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው። በዚህ ጊዜ ከኋላቸው፣ እንቁላል በእጃቸው የያዙት ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ያን ምሰሶ ክንዳቸውን በባንኮው ላይ አሳርፈው፣ ቀስ ብለው ግን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ፦

«ለእኔም አንድ ጨምሪ።»

ባለሱቋ ቀና አለች። ዳቦ ጋጋሪዋም «ምን ታዪኛለሽ? ለእኔ ነው» አሏት። ሰውዬውም ሊገዛ የመጣው ነገር ሌላ ሱቅ እንዳለ ትዝ ብሎት ወጣ።

ውጭ እንደ ወጡ ዳቦ ጋጋሪዋ የእመ መንትያን ክንድ ያዙ፤ መንትዮቹን በአንድ አንድ ብስኩት ዝም አሰኝተውም «ነይ እስቲ አንቺ» አሉ። «ጉልበቴ ስትይ ገብቶኝ ነበር። እኔስ ወገቤን ያልኩት ምን መሰለሽ? የዱቄት ጆንያ ባነሣሁ ቁጥር ያመልጠኛል። የመጨረሻዋን ከወለድኩ ጀምሮ ነው። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት፤ ያኔ እኮ ሠላሳም አልሞላኝ።»

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔም እኔ ብቻ መስሎኝ።»

ሁለቱም ተያዩ። እያንዳንዳቸው በአንድ መንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት ሹራብ በወገብ አስረው፣ አንዷ ከሌላዋ እየተደበቁ ስንት ማለዳ መሮጣቸውን አሰቡና ሳቅ ያዛቸው። ከአንገት በላይ አይደለም። ግድግዳ ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ «ኧረ ተይ፣ ኧረ አታስቂኝ» እየተባባሉ ሳቁ፤ የሆነውም ሆነ፣ ሁለቱም እዚያው ቆመው ተሸነፉ። በዚያች ስፍራም ቃል ኪዳን አደረጉ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ነገ እንሄዳለን» አሉ። እንቁላሎቹ በሰላም ተርፈው ነበር።

በማግስቱም ወደ ጤና ጣቢያ ዘመቱ። በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ወጣት ሴት፣ የፕላስቲክ ዳሌ አጥንት በእጇ ይዛ ተቀበለቻቸው፤ አጥንቱን እንደ ሳህን ገልብጣ በሥሩ ያለውን ጡንቻ አሳየቻቸው። «ይኼ ወለሉ ነው» አለች፤ «ፊኛውን ከታች ደግፎ የሚይዘው። በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ይላላል። እዚህ የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የማይመጡት ይበዛሉ እንጂ።»

እመ መንትያም ከሁሉ በላይ የፈሩትን ጠየቁ፦ «ሩጫውን ልተወው?»

«ማን ተዪው አለሽ? ለጊዜው ቀነስ አድርጊው፤ ዝላዩ ይቆይ። ውኃሽን ግን ጠጪ፣ ፊኛ ሲጠማው ይብስበታል እንጂ አይታረቅም። አሁን ሽንት እንደምትይዢ ሆነሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ። ትንፋሽሽን አታፍኚ። ያዢ... ልቀቂ። መልቀቁም እንደ መያዙ ሥራ ነው። ንጥሻ ሲመጣ ደግሞ ቀድመሽ ያዢ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው «በእኔ ዕድሜስ?» አሉ።

«ጡንቻ ዕድሜ አይጠይቅም፣ እማማ። ሥራ ነው የሚጠይቀው። በአንድ ቀን ግን አይሆንም፤ ወራት ይፈጃል።» ከዚያም ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ፓድ አሳየቻቸው፤ የሕፃን ዳይፐር መቅደድ እንደማያስፈልግም ነገረቻቸው። እመ መንትያም ይህን ሲሰሙ ስለ ቀደዷቸው ዳይፐሮች ብዛት በልባቸው አዘኑ።

በዚያው ምሽት፣ መጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን አቅፈው «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት፤ ልጁም በልግስና ማረ። ቀጥሎ ባላቸው እንደ ልማዱ ቅባቱን ከፍቶ ሲቀመጥ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተወው» አሉ። «ጉልበቴ ደህና ነው። ስሮጥ ሽንት ያመልጠኛል። ከወለድኩ ጀምሮ ነው።»

ኤሌክትሪሻኑ ቅባቱን አየ፤ ጉልበቱን አየ፤ የቅባቱን ክዳን በዝግታ ገጠመው። ቀጥሎም ሚስቱን ቀና ብሎ አየና እንዲህ አለ፦ «በጥዋት መውጣት ስትተዪ፣ ዝም ስትዪኝ... እኔስ አንቺ የምታመልጪኝ መስሎኝ ነበር።» ክብርት እመ መንትያም ጦርነት ሙሉ ያላፈሰሱትን እንባ በዚያች ሰዓት አፈሰሱ፤ እንባው ግን ትእዛዝ ተሰጥቶት የወጣ ውኃ ስለሆነ ከሽንፈት አይቆጠርም።

ከዚህም በኋላ የሥልጠናው ዘመን ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጥ ሲያቦኩ፣ ጆንያም ከማንሣታቸው በፊት፣ እመ መንትያም በማሠልጠኛዋ መኪና ውስጥ ቀይ መብራት በበራ ቁጥር፣ ፊት ሳይለውጡ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይስቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ተዘናግተው ጮኽ ብለው «ያዝ... ልቀቅ... ያዝ... ልቀቅ» አሉ። መሪ ላይ የነበረው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ታዛዥ ሰው ነውና፣ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል፤ መኪናዋም በአደባባዩ መካከል እንደ እንቁራሪት እየዘለለች ሄደች። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ። ጸሐፊውም ላቡን እየጠረገ «መምህርት፣ ይኼ ለፈተና ይመጣል?» አላቸው። እርሳቸውም ሳቅ ሲመጣ ዐውቀው ቀድመው ያዙ፤ ሳቁም፤ ከአንጀታቸው ሳቁ፤ ምንም አላመለጣቸውም። ያች ቀን የመጀመሪያዪቱ ድል ናት።

ድሉ ግን የአንድ ጊዜ አልነበረም፤ አንዳንድ ሳምንት ይገፋሉ፣ አንዳንድ ሳምንት ተገፍተው ይመለሳሉ። ተስፋ ቆርጠው ልምምዱን ሦስት ቀን የተዉበት ጊዜም ነበር፤ ያን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ይዘው በር ድረስ መጥተው «ያዝሽ?» ብለው ጠየቁ፤ «አልያዝኩም» ሲሉ ዳቦውን ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ እመ መንትያ ያዙ።

በስተመጨረሻም ፊዚዮቴራፒስቷ «ረጅሙን ሞክሪ» ባለቻቸው ሳምንት፣ የንጋት ሯጮች በኮረብታው ራስ ወዳለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሲዘምቱ፣ እመ መንትያና ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ሰልፉ ተመለሱ። ሻምበል ፊሽካቸውን ነፉ። በእንጨት መሰንጠቂያው ሲያልፉ ያ ብናኝ ተነሣ፤ ንጥሻ ከሩቅ አቧራ እያስነሣ መጣ፤ እመ መንትያ ቀድመው በሩን ዘጉ፣ አነጠሱ፣ አለፉ። ደረቅ! ኮረብታውን ወጡ፤ ደረቅ! ይሁንና ሲመለሱ፣ በረጅሙ ቁልቁለት መካከል፣ የጠጡት ውኃ ጊዜው ደርሶ በሥርዓት በሩን አንኳኳ፤ ጥቂትም ጠብታ፣ እንደ ሰላይ፣ ሾልካ ወጣች። ቤት ገና ሩቅ ነው። ከፊት ለፊት ነዳጅ ማደያ አለ። ከፊት ደግሞ ሻምበል አሉ፣ ሕጋቸውም አለች።

የጫማ ክር መጣባቸው፤ አሳለፉት። ጉልበት መጣባቸው፤ እርሱንም አሳለፉት። በማደያው በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሠራዊቱም ተደናግጦ ቆመ። እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ስሙ! ጉልበቴ ጤነኛ ነው፤ ያኔም ጤነኛ ነበር። መንትያ ከወለድኩ ወዲህ ስሮጥ ሽንት ያመልጠኛል። የኮራሁ የመሰላችሁም ለዚያ ነው፤ ከእናንተ ጋር መሳቅ ፈርቼ ነው። እየታከምኩ ነው፣ ተሽሎኛል፤ አሁን ግን መጥቷል። ገብቼ እመጣለሁ። የሚቸኩል ይሂድ፤ የቀረው ይጠብቀኝ።»

 ቤንዚን ቀጂው እንኳ ቱቦውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ከባንክ ሴቶች ረጅሟ «እኔም... ገመድ መዝለል የተውኩት ለዚያ ነው» አለች፤ ጓደኛዋም ዞራ «ለእኔ ምነው ሳትነግሪኝ? እኔ እኮ ባሳቅሽኝ ቁጥር ነው!» አለቻት። ዳቦ ጋጋሪዋም ሠራዊቱን እየገፉ «ኋላ ታወራላችሁ፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቁልፉ በአሮጌ ፒስተን ላይ ታስሮ መጣ። ሴቶቹም ሁሉ በማዕረጋቸው ተራ ሳይሆን በጉዳያቸው ክብደት ተሰልፈው ገቡ፤ ከበሩ ኋላም ሳቃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ። የሒሳብ መምህሩ በዚህ መካከል ደረሱና፣ ሠራዊቱን ቆሞ ስላገኙት፣ አንደኛ የወጡ መስሏቸው እጃቸውን አነሡ።

ሻምበል ፊሽካቸውን በአፋቸው እንደ ያዙ ቆመው ነበር። ሁሉም የሚሆነውን ጠበቀ። እርሳቸውም ፊሽካውን ቀስ ብለው አወጡና «ሠራዊት... እረፍት!» አሉ፤ ከተናገሩትም ሁሉ በድምፅ ዝቅ ያለው ዐዋጅ ይህ ነበር። ጉዞው ሲቀጥልም ከፊት ቦታቸው ለቀው ወደ እመ መንትያ ቀረብ አሉ፤ መንገዱን እያዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፦

«ያቺ ልጅ... የጤና ጣቢያዋ... ወንድ ታያለች?»

«ታያለች፣ ሻምበል።»

«አንድ ዘመድ አለኝ።»

«ዘመድዎን ይዘው ይምጡ፤ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

ሻምበልም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዘመዳቸው ስም አመሰገኑ።

እንግዲህ ተራራ ላልነቀሉ፣ ባሕር ላልከፈሉ፣ የማንንም ከተማ ላላቃጠሉ ለክብርት እመ መንትያ ምስጋና ይድረሳቸው! ሌሎች ጀግኖች ጠላታቸውን ከአገር አባረሩ፤ እርሳቸው ግን ጠላታቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ አስለምደው፣ መክረው፣ አስገብረው ሮጡ። እርሳቸው ካወጁባት ዕለት ጀምሮ በዚያ ሰፈር ማንም ሴት ያልተፈታ ክር አላሰረችም። ሌሎች «ተከተሉኝ» ብለው ስመ ጥር ሆኑ፤ እርሳቸው ጎዳና ላይ ቆመው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ «ጠብቁኝ» አሉ፤ ተጠበቁም።